የቅቤው ማሰሮና ደም ቅዳችን፦ የዕፀዋት ምግቦች ኮሌስትሮልን በኦክስጅን ከመበላሸት እንዴት ይጠብቃሉ?

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፤

ከፊቴ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት የመስታወት ማሰሮዎች ታያላችሁ። በሁለቱም ውስጥ ያለው ቅቤ ከአንድ ገበያ፣ በአንድ ቀን፣ ከአንዲት ነጋዴ የተገዛ ነው። ከአምስት ወር በፊት ግማሹን ያለ ምንም ቅመም አቅልጬ፣ ውኃውን አትንኜና አጥልዬ በአንደኛው ማሰሮ ገለበጥኩት፤ ግማሹን ደግሞ እናቴ እንዳስተማረችኝ በኮረሪማ፣ በአብሽ፣ በኮሰረት፣ በበሶብላ፣ በእርድና በነጭ ሽንኩርት አንጥሬ ሁለተኛውን ሞላሁበት። ከዚያ ሁለቱንም ፀሐይ በሚያገኛቸው መስኮት ላይ አኖርኳቸው። ዛሬ ክዳናቸውን ከፍቶ ለሚያሸታቸው ሰው የመጀመሪያው አሮጌ ሻማ ወይም የቆየ ቀለም የሚመስል ሽታ ሲሰጠው፣ ሁለተኛው አሁንም ወጥ ውስጥ ቢገባ የሚያስከፋ አይደለም። የቅመሙ መዓዛ ሌላውን ሽታ ሊሸፍን ስለሚችል ግን አፍንጫ ብቻውን በቂ ምስክር አይሆንም፤ የቅባት መበላሸት በትክክል የሚታወቀው በቤተ ሙከራ ውስጥ ቅባቱ ኦክስጅን ሲይዝ መጀመሪያ የሚፈጠረው የፐሮክሳይድ መጠን በቁጥር ሲለካ ነው። ማሰሮዎቹን ይዤ የመጣሁት ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በየማጀታችን በየቀኑ የሚካሄድ መሆኑን በቅርብ እንድታዩት ብዬ ነው።

የቅቤ ነጋዴዎች ቅቤን ለጋ፣ መካከለኛና በሳል ብለው እንደሚለዩት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የበሳል ቅቤ ኃይለኛ ሽታ በአብዛኛው የሚመጣው ቅባቱ ተሰባብሮ እንደ ቡቲሪክ አሲድ ያሉ ትናንሽ አሲዶች ነፃ ስለሚወጡ ሲሆን፣ ይህን የሚያደርጉት በቅቤው ውስጥ ያለው ውኃ፣ ረቂቅ ሕዋሳትና ኢንዛይሞች ናቸው። ዛሬ የምናገረው ስለዚያ አይደለም። የምናገረው ውኃው ተንኖ ካለቀ በኋላም እንኳ ስለሚቀጥለው፣ ከአየር በሚመጣው ኦክስጅን ስለሚደርሰው ብልሽት ነው፤ ኦክስጅን ብረትን እንደሚያዝገው ሁሉ ቅባትንም የሚያበላሽበት የራሱ መንገድ አለው።

መንገዱ እንዲህ ነው። ድርብ ትስስር ያላቸው የቅባት አሲዶች፣ በተለይ በኑግና በተልባ ዘይት ውስጥ የሚበዙት፣ ከትስስሩ አጠገብ ያለችውን ሃይድሮጅን በቀላሉ ይነጠቃሉ። ንጥቂያውን ብርሃን፣ ሙቀት፣ ወይም እንደ ብረትና መዳብ ያለ ማዕድን ያስጀምረዋል። ሃይድሮጅኗን የተነጠቀው አሲድ ፍሪ ራዲካል ይሆናል፤ ማለትም ጥንዷን ያጣች ኤሌክትሮን ይዞ ይቀራል፤ እሱም ሳይውል ሳያድር ኦክስጅን ይይዝና በተራው ከጎረቤቱ ሃይድሮጅን ይነጥቃል፤ ጎረቤቱም ከጎረቤቱ። በበጋ በደረቀ ሣር ላይ እንደተለቀቀ እሳት ማለት ነው፤ አንድ ጊዜ ከተነሣ የጫረው ክብሪት ቢጠፋም እሳቱ ራሱን እየመገበ ይሄዳል። አንቲኦክሲዳንት የምንለው ንጥረ ነገር በዚህ መካከል ገብቶ የራሱን ሃይድሮጅን አሳልፎ የሚሰጥ፣ ከሰጠም በኋላ ሌላውን ለመንጠቅ የማይቸኩል ነው። ሰንሰለቱ የሚበጠሰው እሱ ዘንድ ሲደርስ ነው።

ኮሌስትሮልም ከዚህ አያመልጥም። በ5ኛውና በ6ኛው ካርቦኑ መካከል አንድ ድርብ ትስስር ስላለው ጥቃቱ ብዙውን ጊዜ አጠገቡ ባለው 7ኛ ካርቦን ላይ ያርፋል፤ ከሚፈጠሩትም መካከል 7-ኬቶኮሌስትሮል የተባለው በሚገባ የታወቀ ነው። እነዚህ ኦክሳይድ የሆኑ የኮሌስትሮል ውላጆች በጥቅሉ ኦክሲስቴሮል ይባላሉ፤ በዱቄት እንቁላል፣ ለረጅም ጊዜ በተከማቸ የወተት ዱቄትና በከፍተኛ ሙቀት ደጋግሞ በጋለ የእንስሳት ስብ ውስጥ ይገኛሉ።

ጉዳዩ ከደም ቅዳ ጋር የተያያዘበት ታሪክ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሩሲያዊው ኒኮላይ አኒችኮቭ በሴንት ፒተርስበርግ ኮሌስትሮልን በሱፍ አበባ ዘይት እያሟሟ ለጥንቸሎች በመመገብ ደም ቅዳቸው በቅባት ሲለጠፍ አሳየ። ከዚያ ወዲህ ኮሌስትሮል ተከሳሽ ሆኖ ቆየ። በ1970ዎቹ ግን አሜሪካ ውስጥ የነበሩ ተመራማሪዎች አንድ አሳሳቢ ነገር አስተዋሉ፤ ለሙከራ የሚሸጠውና በመደርደሪያ ላይ የቆየው የኮሌስትሮል ዱቄት ራሱ በአየር ተበላሽቶ ነበር፤ የተበላሸውን ክፍል ለይተው ለጥንቸሎች ሲሰጡም የደም ቅዳው ግድግዳ ከንጹሁ ኮሌስትሮል ይልቅ በእሱ ክፉኛ ተጎዳ። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ ከእኛ ንጥር ቅቤ ጋር የቅርብ ዝምድና ባለው በሕንዶች ጊ ላይ የተደረገ ምርመራ ታትሞ ወጣ፤ ከስቴሮሎቹ፣ ማለትም ከኮሌስትሮልና ከመሰሎቹ፣ ውስጥ 12 በመቶ ያህሉ ኦክሳይድ ሆነው እንደተገኙና በለጋው ቅቤ ውስጥ ግን እንዳልታዩ ይገልጽ ነበር። ይህን ጽሑፍ መጀመሪያ ያነበብኩ ዕለት ወደ ቤቴ ገብቼ የቅቤያችንን ማሰሮ ከምድጃው አጠገብ አንሥቼ ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ እንዳስቀመጥኩት አስታውሳለሁ።

እስካሁን የተናገርኩት ምግብ ውስጥ ስላለው ኮሌስትሮል ነው። ሁለተኛው፣ ምናልባትም ከመጀመሪያው የሚበልጠው ነገር፣ በገዛ ደማችን ውስጥ የሚካሄደው ነው። ኮሌስትሮል በደም ውስጥ ብቻውን አይሄድም፤ ውኃና ቅባት ስለማይስማሙ ኤልዲኤል በተባሉ ድቡልቡል ቅንጣቶች ተጭኖ ይጓዛል። የአንዱ ቅንጣት ስፋት 22 ናኖሜትር ያህል ሲሆን በውስጡ 1500 ገደማ ከቅባት አሲድ ጋር የተጣመሩ የኮሌስትሮል ሞለኪውሎች ይይዛል። በቅንጣቱ ውስጥ በጠቅላላው 2700 የሚሆኑ የቅባት አሲዶች አሉ፤ ግማሽ ያህሉም በኦክስጅን በቀላሉ የሚጠቁት ዓይነት ናቸው። ይህን ሁሉ ንብረት የሚጠብቀው ዋናው ዘበኛ ቫይታሚን ኢ ነው፤ በአንድ ቅንጣት ውስጥ የሚገኘው በአማካይ 6 ሞለኪውል ብቻ ነው። ስድስት ዘበኛ ለሁለት ሺህ ሰባት መቶ! እኔ ይህን ቁጥር ባየሁ ቁጥር እደነቃለሁ፤ ጥበቃው ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ፣ ዘበኞቹም ሲደክሙ የሚተካቸው ወይም የሚያበረታቸው ካልመጣ ምን ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን በ1985 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ሕዋሳት ጤነኛውን ኤልዲኤል በልዩ ተቀባይ አማካይነት እንደሚያስገቡና ሲበቃቸው ተቀባዩን እንደሚቀንሱ በማሳየታቸው ነው። ሕዋሱ ልክ ያውቃል ማለት ነው። ታዲያ ልኩን የሚያውቅ ሕዋስ በደም ቅዳ ግድግዳ ውስጥ በኮሌስትሮል እስኪታፈን ድረስ የሚሞላው እንዴት ነው? መልሱ ቅንጣቱ ሲበላሽ በሌላ በር ስለሚገባ ነው የሚል ሆነ። ማክሮፌጅ የተባሉት ጠራጊ ነጭ የደም ሕዋሳት ኦክሳይድ የሆነውን ኤልዲኤል እንደ ቆሻሻ ይቆጥሩታል፤ ቆሻሻ በሚያነሡበት ተቀባይ ደግሞ ይበቃኛል የሚባል ነገር የለም፤ ስለዚህ እያነሡ፣ እያነሡ በመጨረሻ በቅባት ተነፍተው አረፋ የመሰሉ ሕዋሳት ይሆናሉ። ደም ቅዳ ላይ መጀመሪያ የሚታየው ቢጫ የቅባት መስመር የእነዚህ ክምችት ነው። በሳን ዲዬጎ የነበሩት ዳንኤል ስታይንበርግና ባልደረቦቻቸው ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1989 በሰፊው ከጻፉ በኋላ የዓለም ተመራማሪዎች ዓይን ወደ አንቲኦክሲዳንቶች ዞረ።

በዚያን ጊዜ ከተፈጠሩት መለኪያዎች አንዱን ልንገራችሁ፤ ብዙውን ነገር ግልጽ ያደርጋል። በኦስትሪያ፣ ግራዝ ከተማ፣ ሄርማን ኤስተርባወር ከሰው ደም የተለየውን ኤልዲኤል በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ አድርገው ጥቂት መዳብ ይጨምሩበትና ቅባቱ ሲበላሽ የሚጨምረውን፣ 234 ናኖሜትር ላይ ብርሃን የመምጠጥ ኃይሉን ይከታተላሉ። መሣሪያው የሚስለው መስመር መጀመሪያ ላይ እንደ ሜዳ ተዘርግቶ ይሄዳል። በብልቃጡ ውስጥ ጥቃቱ ተጀምሯል፤ ዘበኞቹ ግን አንድ በአንድ እየወደቁ ቅባቱን ይከላከላሉ። ቫይታሚን ኢው አልቆ፣ ከኋላው የነበሩት ካሮቲኖይዶችም ሲያልቁ መስመሩ በድንገት ሽቅብ ይወጣል። ያ ሜዳ የሆነው ጊዜ ምን ያህል እንደቆየ ተለክቶ የዚያ ሰው ኤልዲኤል ጥንካሬ ይነገራል። በብልቃጡ ላይ ቫይታሚን ሲ ሲጨመር ሜዳው ይረዝማል፤ ቫይታሚን ሲ የደከመውን ቫይታሚን ኢ መልሶ ያድሰዋልና። ከሽንኩርት የሚገኘው ኬርሴቲን፣ ከሻይና ከቡና የሚገኙት ፖሊፌኖል የተባሉ የዕፀዋት አንቲኦክሲዳንቶችም እንዲሁ ያረዝሙታል።

እዚህ ላይ ነበር ሰው ሁሉ የተቻኮለው። ብልቃጥ ውስጥ የታየው በሰው ላይም ይሠራል ተብሎ ቫይታሚኖቹ በክኒን ተዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ1994 ውጤቱ የታወቀው የፊንላንድ ጥናት ከ29 ሺህ በላይ አጫሾች ላይ የተካሄደ ሲሆን፣ በቀን 20 ሚሊግራም ቤታካሮቲን የወሰዱት የሳንባ ካንሰር ሕመማቸው በ18 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። በ2000 የታተመው ሆፕ የተባለው ጥናት ከ9 ሺህ በላይ የልብ ሕመም ስጋት ያለባቸውን ሰዎች አራት ዓመት ተኩል ያህል በቀን 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ እየሰጠ ቢከታተልም ከልብ ድካምና ከስትሮክ አላዳናቸውም። ይህን የምነግራችሁ በየመድኃኒት ቤቱና በየማኅበራዊ ሚዲያው ደም ቅዳ ያጸዳል እየተባለ የሚሸጠውን እንክብል በገንዘባችሁ እንዳትገዙ ነው። ከሁሉ የማዝነው ለኮሌስትሮል የታዘዘለትን መድኃኒት ትቶ ወደዚህ ለሚዞር ሰው ነው፤ የኤልዲኤልን ብዛት መቀነስ ሕይወት እንደሚያተርፍ በብዙ ጥናት ተረጋግጧልና፣ ሐኪም ሳታማክሩ መድኃኒታችሁን እንዳታቋርጡ እለምናችኋለሁ።

እንግዲያውስ የዕፀዋት ምግብ ምን ይጠቅማል? የዘበኞቹን ነገር አስታውሱ። አንድ ዓይነት ዘበኛ በብዛት ማስገባት ጥበቃውን አያጠናክርም፤ እንዲያውም ቫይታሚን ኢ ሃይድሮጅኑን ሰጥቶ ሲደክም የሚያድሰው ጓደኛ ካላገኘ ራሱ ጥቃቱን ወደ ቅንጣቱ ውስጥ ይዞ ሊገባ እንደሚችል የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ጎመን ግን ቫይታሚን ሲውን፣ ካሮቲኖይዱንና ፖሊፌኖሉን በአንድ ቅጠል ይዞ ይመጣል፤ ዘይቱ ደግሞ ቫይታሚን ኢውን ይጨምርለታል፤ ከሁሉም ጋር ኮሌስትሮል ቀናሽ የሆነው አሰርም አለ። በኔዘርላንድ፣ ዙትፈን ከተማ፣ ከ65 እስከ 84 ዓመት የሆናቸው 805 ወንዶች ለአምስት ዓመት ተከታትለው በ1993 በወጣው ውጤት፣ ከሻይ፣ ከሽንኩርትና ከፖም ብዙ ፍላቮኖይድ፣ ማለትም አንድ የፖሊፌኖል ዓይነት፣ ያገኙት በልብ ሕመም የመሞታቸው ዕድል አነስተኛ ነበር። እንዲህ ያለው ጥናት አብሮ መገኘትን እንጂ ምክንያትን ብቻውን አያስረዳም፤ ሽንኩርት የሚያዘወትር ሰው በሌላም ነገር ሊለይ ይችላልና።

ከሁሉ የሚያሳምነኝ የወይራ ዘይት ነገር ነው። በ2006 በታተመ የአውሮፓ ጥናት 200 ጤነኛ ወንዶች በቀን 25 ሚሊሊትር ዘይት በተራ ሦስት ዓይነት እየወሰዱ ተመረመሩ፤ ሦስቱ ዘይቶች በቅባታቸው አንድ ሆነው የሚለያዩት ከፍሬው በመጣው የፖሊፌኖል መጠን ብቻ ነበር። ፖሊፌኖሉ በጨመረ መጠን በደማቸው ውስጥ ያለው ኦክሳይድ የሆነ ኤልዲኤል ቀነሰ። ይህንና መሰሎቹን መርምሮ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2011፣ በ20 ግራም ዘይት ውስጥ ቢያንስ 5 ሚሊግራም ሃይድሮክሲታይሮሶል የተባለው የወይራ ፖሊፌኖልና ተዛማጆቹ ካሉ፣ ዘይቱ የደም ቅባትን ከኦክሳይድ ጉዳት ይጠብቃል ተብሎ እንዲነገር ተስማምቷል። ባለሥልጣኑ ብዙ ተመሳሳይ ጥያቄዎችን ውድቅ ያደረገ በመሆኑ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚህ የምረዳው የዕፀዋት አንቲኦክሲዳንት በተሻለ የሚሠራው ከቅባቱ ጋር አብሮ፣ ገና ከመበላቱ በፊት ጀምሮ፣ በቦታው ሲገኝ መሆኑን ነው። ከተበላ በኋላ አብዛኛው ፖሊፌኖል ወደ ደም የሚገባው በጥቂቱ ነው፤ የገባውም በሰዓታት ውስጥ በጉበት ተለውጦ በሽንት ይወጣል። ድስቱ ውስጥ ግን ሙሉ ኃይሉ አለ። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴርም የምግቦችን አንቲኦክሲዳንት ኃይል በብልቃጥ ለክቶ ያወጣውን ሰንጠረዥ በ2012 ያነሣው ቁጥሩ በሰውነት ውስጥ የሚሆነውን ስለማያመለክትና ለማስታወቂያ መጠቀሚያ ስለሆነ ነበር።

ስለዚህ ወደ ድስቱ እንመለስ። እናቶቻችን ቅቤ ሲያነጥሩ በዝግታ እሳት አድርገው ውኃውን ያተናሉ፣ አረፋውን ይቀፍፋሉ፣ ቅመሙን ቅባቱ ውስጥ አቆይተው ያጠልላሉ። በኬሚስትሪ ቋንቋ ሲነገር፣ ፌኖል ያላቸውን ንጥረ ነገሮች በሞቀ ቅባት አሟምተው ማውጣታቸው ነው። የእርድ ኩርኩሚን ቅባት ውስጥ በደንብ ይሟሟል፤ ቅቤውን ቢጫ ያደረገው ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። በሶብላ ሮዝማሪኒክ አሲድ አለው። የጥብስ ቅጠል ያለው ካርኖሲክ አሲድ ደግሞ እጅግ ጠንካራ ከመሆኑ የተነሣ የቅጠሉ ጭማቂ በአውሮፓ ኢ392 ተብሎ ለፋብሪካ ምግብ ማቆያነት ተፈቅዷል። ሥጋ ሲጠበስ የጥብስ ቅጠሉን መጨረሻ ላይ ለሽታ ብቻ ጣል ከማድረግ ይልቅ ቀድሞ ከሥጋው ጋር ማሸት የሚሻለው፣ የሥጋው ኮሌስትሮል በብዛት የሚጎዳው ሙቀቱ ሲያገኘው ስለሆነ ነው። ቅመሙ ግን የቅቤውን የረጋ ስብ አይቀንሰውም፤ በቅመም የተነጠረ ቅቤም ያው ቅቤ ስለሆነ በልክ ነው የሚበላው።

ቀይ ሽንኩርት ሲላጥ ኬርሴቲኑ የሚበዛው በውጭኛዎቹ ንጣፎች ላይ በመሆኑ ሥሥ አድርጎ መላጥ ይገባል፤ ቁሌት ሲሠራም መረቁ ስለማይደፋ ኬርሴቲኑ እዚያው ይቀራል። በርበሬ ፀሐይ ላይ ሲቆይ ቀለሙ ሲደበዝዝ ያያችሁ ሰዎች ኦክሲዴሽንን በዓይናችሁ አይታችኋል፤ ቀዩን ቀለም የሚሰጡት ካሮቲኖይዶች በብርሃንና በኦክስጅን እየጠፉ ነውና፣ በርበሬው በጨለማና በታሸገ ዕቃ ይቀመጥ። የቲማቲም ላይኮፒን ከጥሬው ይልቅ በዘይት ሲበስል በተሻለ ሁኔታ ወደ ሰውነት ይገባል።

የጾም ዘይታችን ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሁዳዴን 55 ቀን ለሚጾም ሰው ዋና ቅባቱ እሱ ነውና። የኑግ ዘይት ኮሌስትሮል የለውም፤ ይሁን እንጂ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ቅባቱ ሊኖሌይክ አሲድ በመሆኑ በኦክስጅን ቶሎ የሚጠቃ ዘይት ነው። በትንሽ በትንሹ፣ ትኩሱን ገዝቶ በጨለማ ማስቀመጥ፣ ለመጥበሻም ደጋግሞ አለማጋል ያስፈልጋል። ተልባ ደግሞ ከዚያም የባሰ ስስ ነው፤ ፍሬው ሳይፈጭ ለወራት ይቆያል፣ ከተወቀጠ ግን በቀናት ውስጥ መጠጣት አለበት። ሰሊጥ ከሁለቱ የሚለየው ሲቆላ ሴሳሞል የተባለ ጠንካራ አንቲኦክሲዳንት ስለሚፈጠርበት ነው። በየመንገዱ ሳምቡሳና ቺፕስ የሚጠበስበት፣ ጠቁሮና ወፍሮ ጭሱ ዓይን የሚያቃጥለው ዘይት ውስጥ ግን ዘበኞቹ ከሞቱ ቆይተዋል፤ አዲስ ዘይት ቢጨመርበትም የተበላሸው አዲሱን ይዞት ይሄዳል።

ቡናችንን በሚመለከት ሁለት ነገር አብሮ መባል አለበት። ክሎሮጂኒክ አሲዱ ኤልዲኤልን ከኦክስጅን የሚከላከል ሲሆን፣ ካፌስቶል የተባለው የፍሬው ቅባት ደግሞ የኤልዲኤልን መጠን ከፍ ያደርጋል። በኖርዌይ የአፈሉትን ቡና ሳያጠሉ የሚጠጡ ሰዎች ኮሌስትሮላቸው ከፍ ብሎ በመገኘቱ ነው ይህ የታወቀው፤ የወረቀት ማጣሪያ ካፌስቶሉን ያስቀረዋል። የጀበና ቡና የሚፈላ በመሆኑ፣ ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለበት ሰው ቡናው በሚገባ እስኪሰክን ቢታገሥ፣ የሲኒውንም ብዛት ቢቀንስ መልካም ነው። ሻይም ሆነ ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ ፖሊፌኖሉ የጤፍንና የጎመንን ብረት ይዞ ያስቀራል፤ ነፍሰ ጡር ሴቶችና ደም ማነስ ያለባቸው ሰዎች ከምግቡ ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቀው ይጠጡ፤ ጎመኑ ላይ ሎሚ ቢጨምቁበት ደግሞ ብረቱ በተሻለ ይገባላቸዋል።

ንግግሬን ከመጀመሬ በፊት አንዲት እናት በሩ ላይ አግኝተውኝ፣ ዋሽንግተን ላለችው ልጃቸው የሚልኩት ንጥር ቅቤ እንዴት ሳይበላሽ እንደሚቆይ ጠይቀውኝ ነበር፤ መልሱን ሁላችሁም እንድትሰሙት አቆይቼዋለሁ። እማማ፣ ቅመሙን አያሳንሱበት፤ ውኃው ጨርሶ እስኪተን ድረስ በዝግታ ያንጥሩት፤ ዝቃጩ እንዳይከተል ደጋግመው ያጥልሉት። በአንድ ትልቅ ዕቃ ከመሙላት በበርካታ ትናንሽ ዕቃዎች እስከ አፋቸው ይሙሏቸው፤ ከላይ የሚቀረው ባዶ ቦታ ኦክስጅን የሚያድርበት ነውና። ዕቃውም መዳብ ወይም የዛገ ብረት እንዳይሆን፣ ብርሃንም እንዳያስገባ ይጠንቀቁ። ልጅዎ ሲደርሳት አንዱን ብቻ ከፍታ ሌሎቹን ማቀዝቀዣ ውስጥ ታስቀምጥ፤ ማንኪያውም ሁልጊዜ ደረቅ ይሁን።